የተረሳው ፌሮ

ሶዶ ውስጥ ፎቅ ከሚወጣበት ግቢ አጠገብ ቆም ብላችሁ ጆሮ ብትሰጡ ወላይትኛና አማርኛ ተቀላቅሎ ትሰማላችሁ። ትንሽ ስትቆዩ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ እንዳለ ትነቃላችሁ፤ የሚናገሩት ሰዎች ግን የውጭ ቋንቋ መሆኑን ከረሱት ቆይተዋል። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ብሎኬት፣ ካዛፎርማ፣ ባሬላ። ፌሮ የሚያጥፈውና የሚያስረው ፌራዮ ነው፣ የሠራተኛው አለቃ ካፖ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፣ ሶዶም በግንቦት 1933 ዓ.ም. ከእጁ ወጣች፤ የግንባታው መዝገበ ቃላት ግን እዚሁ ቀረ።

ከነዚህ ቃላት ውስጥ እኔን የሚገርመኝ "አርማታ" ነው። ጣሊያኖች ይህን ነገር "ቼሜንቶ አርማቶ" ይሉታል፤ የታጠቀ ሲሚንቶ ማለት ነው። ትጥቁ ብረቱ ነው። እኛ ሲሚንቶውን ለብቻው ወስደን ሲሚንቶ አልነው፤ "የታጠቀ" የሚለውን ቅጽል ደግሞ ስም አድርገን አርማታ አልን። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ትርጉሙ ቀስ እያለ ተንሸራተተ። ዛሬ አንድ የቀን ሠራተኛ "አርማታ አቡካ" ሲባል የሚያቦካው ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ነው። አንዲት ዘንግ ፌሮ የሌለበት የግቢ ወለልም "አርማታ ተሞላ" ይባላል። የብረቱን መኖር ይናገር የነበረው ቃል ብረቱን የሚሸፍነው ነገር ስም ሆኖ አረፈው።

ኢንጂነሪንግ ተምሬ ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝና ስም ላይ ትንሽ ነገረኛ ነኝ። አንድ ቫሪያብል ስሙና የያዘው ነገር ካልገጠሙ፣ ከስድስት ወር በኋላ ኮዱን የሚከፍተው ሰው መሳሳቱ አይቀርም። አርማታም ላይ እንደዛ የሆነ ይመስለኛል። ድንጋይ መስሎን ነው የምንኖርበት። ውስጡ ግን ብረት አለ፤ ድንጋይ መሳይ ልብስ የለበሰ ብረት። ልብሱ ደግሞ ዕድሜ አለው፣ ዕድሜውም የሚቆጠር ነው።

ወላይታ ከአርማታ በፊት ምን ዓይነት ቤት ያውቅ ነበር? ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር እስኪሸነፍ ድረስ ቤተ መንግሥቱ ከዛሬዋ ሶዶ ብዙም የማይርቀው ዳልቦ ላይ ነበር። የሕዝቡ ቤት ከእንጨት፣ ከቀርከሃና ከሣር የሚሠራ ከፍ ያለ ክብ ጎጆ ነው። ይህ ቤት የሚበሰብስ መሆኑን ባለቤቱ ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል። ሣሩ ሲያረጅ ይቀየራል፣ ምስጥ የበላው ቋሚ ይነቀላል፣ ጎረቤት ለደቦ ይጠራል። መስከረም ላይ ጊፋታ ሲቃረብ ቤት ይጸዳል፣ የጎደለው ይሞላል። ቤቱ ተበላሸ ብሎ የሚደነግጥ የለም፤ ጥገናው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ብረትንም ቢሆን ገበሬው ያውቀዋል። ብረት ቀጥቃጩን ማኅበረሰቡ ዝቅ አድርጎ ያየው ነበር፣ ያ ራሱን የቻለ ረጅምና የሚያሳፍር ታሪክ ነው፤ የቀጥቃጩን ዶማ ዝናብ ላይ ጥሎ የሚያድር ገበሬ ግን አልነበረም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ድንጋይ ብቻ የሆነ ሥራ አለ፤ በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው የመከላከያ ካብ። ሲሚንቶ የለው፣ ብረት የለው። የሚዝግ ነገር ስለሌለበት አይዝግም። ድንጋይ ሲወድቅ ድንጋይ ትመልስበታለህ፣ በቃ።

አርማታ በነዚህ በሁለቱ መካከል ገባ። መልኩ የካቡ ነው፣ ጠባዩ ግን የጎጆው።

ነገሩ የተጀመረው ፎቅ ላይ አልነበረም። ላምቦ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ ከሽቦ መረብና ከሲሚንቶ ጀልባ ሠራ። ሞኒዬ የሚባለው ሌላው ፈረንሳዊ አትክልተኛ ነበር፤ የተክል ማስቀመጫዎቹን በሽቦ አጠናክሮ በ1867 የፈጠራ መብት አወጣበት። ከአበባ ማሰሮ ወደ ቤት ያመጣው ኤንቢክ ነው። በ1892 ኮለኑን፣ ቢሙንና ሶሌታውን እንደ አንድ አካል የሚያስር ዘዴ አስመዘገበ፤ ዛሬ ሶዶ ላይ እንደ እንጉዳይ የሚፈላው ፎቅ አጥንቱ የዚህ ሰው ነው። ኤንቢክ ደንበኛ የሚስበው እሳት የማይበላው ቤት እያለ ነበር። በዘመኑ የአውሮፓ ከተሞች የሚፈሩት እሳት ስለሆነ ገበያ አላጣም።

ሲሚንቶና ብረት መጋባታቸው ሦስት ዕድል የገጠመበት ነገር ነው። አንደኛ፣ አርማታ ሲጨፈለቅ ብርቱ ነው፣ ሲሳብ ግን ደካማ፤ ብረት ሲሳብ ብርቱ ነው። ሁለተኛ፣ ሙቀት ሲመጣ ሁለቱም በተቀራራቢ መጠን ይሰፋሉ፤ ያ ባይሆን ኖሮ የሶዶ የአንድ ቀን ፀሐይና የአንድ ሌሊት ብርድ ይለያያቸው ነበር። ሦስተኛውን ግን ቀድሞ አስቦ የመረጠው ሰው የለም። የሲሚንቶ ኬሚስትሪ ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል።

ይህን ሦስተኛውን ዘርዘር ላድርገው፣ ጽሑፉ ያለው እዚህ ነው።

ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዱ ኖራ መሳይ ነው፣ በጣም አልካላይን። ትኩስ አርማታ ውስጥ ያለው ውሃ ፒኤቹ ከ12.5 በላይ ነው። በእንዲህ ዓይነት አካባቢ ብረት ላይ በሚሊዮንኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ይፈጠራል። ቆዳው እስካለ ድረስ ውሃም ኦክስጅንም ቢደርስ ብረቱ አይዝግም ማለት ይቻላል። ቆዳው ቢላጭ እንኳ ፒኤቹ ከፍ ያለ ከሆነ ራሱን ይተካል። አስቡት፣ ቀለም ሳትቀባው፣ ዘይት ሳታስነካው፣ አርማታው ብቻውን ይጠብቅልሃል።

ጠላቱ የምንተነፍሰው አየር ነው። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ያን ኖራ መሳይ ነገር ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይቀይረዋል። ባለሙያዎች ካርቦኔሽን ይሉታል። የሚገርመው አርማታው በዚህ አይደክምም፤ እንዲያውም ትንሽ ይጠነክራል። ፒኤቹ ግን ከ9 በታች ይወርዳል፤ ይህ ድንበር ከውጭ ወደ ውስጥ እየተጓዘ ብረቱ ጋር ሲደርስ ስሱ ቆዳ ይጠፋል። ከዚያ የሚቀረው ውሃ መጠበቅ ብቻ ነው።

ዝገት ከብረቱ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ቦታ ይይዛል። አርማታ ደግሞ ሲሳብ ደካማ ነው ብለናል። ስለዚህ ዝገቱ ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ተጨማሪ ውሃ ያስገባል፣ ውሃው ዝገት ይጨምራል። ቀዩ እድፍ ከግድግዳው ወርዶ ስታዩት ለሶዶ ሰው እንግዳ ቀለም አይደለም። ክረምት ላይ ጫማችሁ ላይ የሚጣበቀው የወላይታ ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በዚያው በብረት ኦክሳይድ ነው። ፌሮው ወደ መጣበት እየተመለሰ ነው።

የባሕር ዳርቻ ከተሞች ሌላም ጠላት አላቸው፣ ጨው። ክሎራይድ ፒኤቹ ከፍ ባለበትም ቢሆን ስሱን ቆዳ ይበሳዋል። ሶዶ ከባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ዳሞታ ተራራ ሥር ስለተቀመጠች ይሄኛው ብዙም አያሰጋትም። የሷ ነገር ካርቦኔሽን ነው፤ የአየር ጠባይዋም ለዚህ የተመቸ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ በጠገበ አርማታ ውስጥ መጓዝ አይችልም፣ በጣም በደረቀ ውስጥም ኬሚስትሪው አይሠራም፤ የሚፈጥነው መካከለኛ እርጥበት ላይ ነው። ወላይታ በልግም ክረምትም ይዘንባል፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ። በመካከሉ ደረቅ ወራት አሉ። በደረቁ ወር ድንበሩ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ በዝናቡ ወር ድንበሩ የደረሰበት ብረት ይዝጋል። ሁለት ፈረቃ ነው።

አሁን ቁጥሩ። ድንበሩ የሚጓዝበት ጥልቀት ከጊዜ ካሬ ሥር ጋር ይመጣጠናል። አንድ ተራ አርማታ በመጀመሪያው ዓመት 4 ሚሊ ሜትር ካርቦኔት ሆነ እንበል። በ4 ዓመት 8 ሚሊ ሜትር፣ በ9 ዓመት 12 ሚሊ ሜትር፣ በ25 ዓመት 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከፌሮው እስከ አርማታው ውጫዊ ገጽ ያለው ውፍረት ከቨር ይባላል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 2፣ ለደረቅ የቤት ውስጥ ክፍል ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር፣ እርጥበት ለሚያገኘው 25 ሚሊ ሜትር ከቨር ይጠይቅ ነበር። ከላይ በያዝነው ፍጥነት 25 ሚሊ ሜትር ከቨር ያለው ፌሮ 39 ዓመት ገደማ ይጠበቃል። ከቨሩ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ 9 ዓመት። ግማሽ ከቨር ማለት ግማሽ ዕድሜ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ሩብ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ጨምረህ 35 ብታደርገው ደግሞ 77 ዓመት ገደማ። ከአንድ ጣት ውፍረት በታች የሆነ አርማታ የልጅህን ዘመን ይሸፍናል።

እኔ ይህን ቀመር ስወደው በአንድ በኩል ነው፣ ስፈራው በሌላ በኩል። ምክንያቱም ይህቺ 10 ሚሊ ሜትር የምትጠፋው በማንም ክፋት አይደለም። አርማታ በሚሞላበት ጠዋት በሚሆኑ ትንንሽ ነገሮች ነው የምትጠፋው።

ፌሮው ከካዛፎርማው ጣውላ ርቆ እንዲቀመጥ ከሥሩ ማራቂያ ይገባል፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ቀድሞ የተሠራ ትንሽ ኩብ። ቀድሞ የሚሠራው ሰው ከሌለ ጠጠር ይወተፋል። ባሬላ የያዘ ሰው ሲረግጠው ጠጠሩ ይንሸራተታል፣ ፌሮው ጣውላው ላይ ይተኛል። በረንዳ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። በረንዳ ከግድግዳ ወጥቶ ስለሚንጠለጠል ዋናው ፌሮ ከላይ በኩል መሆን አለበት። ሠራተኛው የሚራመደው እዚያው ላይ ነው። ተረግጦ ወደ ታች የወረደ የበረንዳ ፌሮ ሥራውን አይሠራም፤ ከላይ አርማታው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ላይ ውሃ ይተኛል። በረንዳ ስንት ጊዜ ሳይናገር እንደሚወድቅ ለመገመት ይህ ይበቃል።

ከዚያ ውሃው አለ። "ጨምርበት፣ አልሄደልኝም" የሚለውን ድምፅ የማያውቅ ሳይት የለም። ውሃ ሲበዛ አርማታው እንደ ገንፎ መሆኑ ይቀርና እንደ ሾርባ ይፈሳል፣ ለሠራተኛው ይቀላል። ሲሚንቶው የማይጠቀምበት ውሃ ግን በኋላ ተንኖ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ያ ቀዳዳ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መንገድ ነው። 4 ያልነው ቁጥር ወደ 6 ወይም 7 የሚያድገው እንዲህ ነው። ሲሚንቶ በሚጠፋበትና ዋጋው በሚሰቀልበት ወቅት ደግሞ ከሳጥኑ የሚጎድለው ሲሚንቶ ነው፣ አሸዋ አይደለም። ሙሌቱ ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ እርጥብ ጆንያ ቢለብስ ይመረጣል። ሦስተኛው ቀን ላይ ውሃ የምታጠጣው ልጅ ሌላ ሥራ ታዘዘች እንበል። የጎዳችው የላይኛዋን ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። እሷ ደግሞ ራሷ ከቨሩ ናት።

ካዛፎርማው ሲነሳ የንብ ቀፎ የመሰለ ቦታ ካለ፣ ፌሮ ጥርሱን ካሳየ፣ ልስን ይመጣል። ልስን ሁሉንም እኩል ያስመስላል። ከዚያ ቀለም። ከዚያ ምርቃት።

ይህን ሁሉ ስል ሶዶን ነጥዬ ለመውቀስ አይደለም፤ አዲስ አበባም ሀዋሳም ያው ነው። ሶዶን የመረጥኩት ዕድሜዋን አይቼ ነው። አርማታ እዚህ አገር ለረጅም ጊዜ ብርቅ ነበር። የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ የተተከለው በዚያው በጣሊያን ዘመን ነው፤ ሙገር ሥራ የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው። ሶዶ ላይ ለአሥርት ዓመታት ሰው የሚኖረው በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ተከፈተ፣ ከተማዋ ተለጠጠች፣ ፎቁ በዛ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ የፖለቲካ ማዕከል ሆነች። እንግዲህ ያን ካሬ ሥር አስታውሱ። በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመታት የተሞላ ሶሌታ ዛሬ ሃያኛ ዓመቱ ጫፍ ላይ ነው። ከቨሩ ትክክል ከሆነ ገና ብዙ ይቀረዋል። 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ድንበሩ ፌሮውን አልፎት ሄዷል። ከመንገድ ስታዩት ሁለቱ ቤቶች አንድ ናቸው።

እንዴት ይለያል ታዲያ? ርካሽ ከሆነው ልጀምር። ዓይን፤ ስንጥቁ ቀጥ ብሎ የቢሙን የታች ጠርዝ ወይም የኮለኑን ማዕዘን ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ከሥሩ ፌሮ አለ። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ የልስን ስንጥቅ ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ አያሰጋም። ጆሮ፤ በትንሽ መዶሻ ስታንኳኳው ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው እንደ ባዶ ጀሪካን ያስተጋባል። ቀጥሎ ፌኖልፍታሊን አለ። የሃይስኩል ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ ቤዝ ላይ ስትንጠባጠብ ሮዝ የምትሆነዋ እሷ ነች። ከአርማታው ትንሽ ፈርክሰህ አዲሱ ስብራት ላይ ትረጫለህ፤ ሮዝ የሆነው ክፍል አሁንም ብረት ይጠብቃል፣ ቀለም ያልያዘው ካርቦኔት ሆኗል። ድንበሩን በማስመሪያ ትለካዋለህ። ኬሚስትሪ እንዲህ ፊት ለፊት የሚመልስልህ ጊዜ ብዙ አይደለም። ከመርጨትህ በፊት ግን አቧራውን አራግፍ፤ ካርቦኔት ካልሆነው ክፍል የመጣ ዱቄት ሮዝ ሆኖ ሊሸውድህ ይችላል።

ሌላው መንገድ ለኤሌክትሪክ ሰዎች ይጥማል። የመዳብና የመዳብ ሰልፌት ኤሌክትሮድ አርማታው ገጽ ላይ ታስቀምጣለህ፣ የቮልት መለኪያውን ሌላ ጫፍ ከፌሮው ጋር ታገናኛለህ። ንባቡ ከኔጌቲቭ 350 ሚሊ ቮልት በታች ከወረደ በዚያ ቦታ ዝገት እየሠራ የመሆን ዕድሉ ከ90 በመቶ በላይ ተብሎ ይወሰዳል። ይህ የሚሠራው ስንጥቅ ሳይታይ፣ እድፍ ሳይወርድ ነው። ዝገቱን ከማየት በፊት መስማት እንደ ማለት።

ሳይሰማ ሲቀር የሚሆነውን ቃሉን ያወረሱን ሰዎች ራሳቸው አይተውታል። ጄኖቫ ላይ በ1967 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሞራንዲ ድልድይ ተሸካሚ ገመዶቹ ብረት ነበሩ፣ ብረቱ ደግሞ በአርማታ ተሸፍኖ ነበር። ሽፋኑ ይጠብቃቸዋል ተብሎ ታስቦ ነው፤ ግን ዓይንንም ከልክሏል። ድልድዩን የነደፈው ሪካርዶ ሞራንዲ ራሱ ገና በ1979 የባሕር አየርና የፋብሪካ ጭስ ብረቱን እየጎዳው መሆኑን ጽፏል። ነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ድልድዩ ተደረመሰ፣ 43 ሰው ሞተ።

ወደ ጥገናው እንምጣ፤ ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው መንገድ የታወቀ ነው፦ የለቀቀውን ማራገፍ፣ በሲሚንቶ መለሰን፣ ቀለም። ከሁለት ክረምት በኋላ ይመለሳል። በትክክል ከተሠራ አርማታው ከፌሮው ፊት ብቻ ሳይሆን ከጀርባውም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈለፈላል። ፌሮው ዙሪያውን እስኪያበራ ይፈገፈጋል። ብዙ ከመነመነ አዲስ ፌሮ ይደረብለታል። ከዚያ ጥቅጥቅ ባለ የጥገና ሞርታር ይሞላል፣ ውሃ ይጠጣል። ኮለን ወይም የበረንዳ ሥር ከሆነ ደግሞ ከመነካቱ በፊት መደገፊያ ያስፈልገዋል፣ የስትራክቸር መሐንዲስም እንዲሁ። እዚህ ላይ ድፍረት አይሠራም።

ይህን ሁሉ አድርገህ ግን ከዓመታት በኋላ ከጠገንከው ቦታ ጎን ያለው ሊዝግ ይችላል። መጀመሪያ ሳነበው ቀልድ መሰለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዝገት እንደ ባትሪ ነው፤ አንዱ ቦታ ሲዝግ ጎረቤቱ ይጠበቃል። የሚዝገው ቦታ ሳይወድ በግድ ለጎረቤቶቹ መሥዋዕት እየሆነ ነበር። አንተ መጥተህ እሱን ስታድነው ጎረቤቶቹ ጠባቂ አጡ፤ አካባቢያቸው ካርቦኔት የሆነ ከሆነ አሁን ተራው የነሱ ነው።

መፍትሔውን ማንም የወላይታ ሰው ጣሪያው ላይ አለው። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ዚንክ ተቀብቷል። ቆርቆሮ በሚስማር ሲቧጨር ወዲያው የማይዝገው ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ስለሚያተርፈው ነው። ሐሳቡን በ1824 እ.ኤ.አ. ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት መርከብ ላይ ሞክሮታል፤ የመርከቡን የመዳብ ልባስ ለማዳን ዚንክና ብረት አጣበቀበት። በዚያው ዓመት፣ በዚያው አገር፣ ጆሴፍ አስፕዲን የፖርትላንድ ሲሚንቶን የፈጠራ መብት አወጣ። በሽታው የሚያድርበት ቤትና መድኃኒቱ በአንድ ዓመት ተወልደው ለመገናኘት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጀባቸው፦ የአሜሪካ መንገዶች በክረምት በረዶ ማቅለጫ ጨው ድልድዮቻቸውን ሲያፈራርሱ፣ ስትራትፉል የተባለ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ በ1973 ይህንኑ ዘዴ በኤሌክትሪክ ጉልበት ድልድይ ላይ ሠራበት። ዛሬ በጥገናው ጠርዝ ከፌሮው ጋር የሚታሰሩ ትንንሽ የዚንክ ቁራጮች አሉ። ዚንኩ ይበላል፣ የጎረቤት ፌሮ ይተርፋል።

ዋጋው ግን ከመጀመሪያው ከቨር ጋር አይወዳደርም። ደ ሲተር የተባለ ሆላንዳዊ በ1984 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ግምት አለ፦ ሲነደፍና ሲሠራ ያልወጣ አንድ ብር ቆይቶ በጥገና አምስት፣ ከዚያ ሲዘገይ ሃያ አምስት፣ በመጨረሻ መቶ ሃያ አምስት ይሆናል። ግምት ነው፣ የሒሳብ መጽሐፍ አይደለም። እኔ ግን የማራቂያ ኩብ ዋጋና የኮለን ጥገና ዋጋ አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ሰውየው እንዲያውም አለዝቦ የተናገረ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞ ላይ የቆመው፣ አካባቢው ካያቸው ሁሉ ግዙፍ የሆነው የሲሚንቶ ሥራ ይህ ችግር የለበትም። ጊቤ ሦስት ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቁመቱ 243 ሜትር፣ ማመንጨት የሚችለው 1,870 ሜጋ ዋት። አካሉ የተሠራው ደረቅ ድብልቅ በንብርብር እየተነጠፈ በሮለር እየተጠቀጠቀ ነው፤ ልክ እንደ መንገድ። ውሃውን የሚያቆመው በክብደቱ ስለሆነ ግድቡ አካል ውስጥ ፌሮ አያስፈልግም። የውሃ መግቢያው፣ የማስተንፈሻውና የኃይል ማመንጫው ክፍሎች ሌላ ነገር ናቸው። ግድቡ ግን ዘመዱ ከሶዶ ፎቅ ይልቅ የካዎ አማዶ ካብ ነው።

ፎቁ ጋር አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ሶዶን፣ ቦዲቲን፣ አረካን ያየ ሰው የሚያውቀው። አንድ ፎቅ አልቆ ሰው ገብቶበታል፣ ሱቁ ተከራይቷል። ጣሪያው ላይ ግን ከየኮለኑ ራስ የፌሮ ጸጉር ቆሟል፤ ብር ሲገኝ፣ ከውጭ ያለው ልጅ ሲልክ፣ ለሚወጣው ለሚቀጥለው ፎቅ። እኔ ይህን ፌሮ ሳይ ደስ ይለኛል፣ ሰው ነገ አለ ብሎ ያቆመው ነው። ፌሮው ግን አርማታ የለበሰው ወገኑ ያለው ፒኤች 12.5 የለውም። አምስት በልግና አምስት ክረምት ራቁቱን ይቆማል።

ወጪው ትንሽ ነው። ወፍራም የሲሚንቶ ውሃ መቀባትና በላስቲክ መጠቅለል፤ ብዙ ዓመት የሚቆይ ከሆነ ደግሞ በደካማ ድብልቅ መሸፈን፣ በኋላ ተፈርክሶ ይነሳል። ሥራው ሲቀጥል በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ ከዚያ በካሊፐር መለካት። 16 ሚሊ ሜትር የነበረ ፌሮ 14 ሆኖ ከተገኘ የጎደለው ሁለት ሚሊ ሜትር ይመስላል፤ ጭነት የሚሸከመው ግን ስፋቱ ስለሆነ 23 በመቶው ሄዷል። የሚለካውም ጫፉ ላይ አይደለም። ፌሮው ከኮለኑ ራስ የሚወጣበት ቦታ ላይ ጎንበስ ብሎ ነው፤ ዝናቡ ተጠራቅሞ የሚያድረው እዚያ ነው።